ከሙሴ ቡሽ ፊልም አንዲት ሥዕል እንዳትቆረጥ

ዛሬ ረቡዕ፣ ኖቬምበር 14 ቀን 1934፣ ከቀትር በኋላ፣ በፓሪስ አጠገብ ባለችው በሞንትሬይ ከተማ አባቴ ባወረሰኝ ቤት፣ በምድር ቤቱ ክፍል አልጋዬ ላይ ተደግፌ ተቀምጬ፣ እኔ ኦኖሪን ቦድሪ፣ የሟቹ የሠዓሊ አንሴልም ቦድሪ ባለቤት፣ የመጨረሻ ፈቃዴን ለውል አዋዋዩ ለሙሴ ቴሶ በቃሌ አስጽፋለሁ። አራቱ ምስክሮች በዙሪያዬ ተቀምጠዋል፤ አያቸዋለሁ፣ እያንዳንዳቸውንም በስም አውቃለሁ። ሐኪሙ ልቤ መድከሙን ነግሮኛል። አእምሮዬ አልደከመም። ሙሴ ቴሶ ይህንኑ ለማረጋገጥ ቀኑን፣ የልጆቼን ዕድሜና የሪፐብሊኩን ፕሬዚዳንት ስም ጠየቁኝ፤ ሁሉንም መለስሁ። ያስገደደኝም ሆነ ያባበለኝ ሰው የለም። ልጆቼ ፊርመንና ክሌማንስ በእኔ ትእዛዝ ወጥተው በወጥ ቤት ይጠብቃሉ።

አንድ ነገር ቀድሞ ይጻፍልኝ። ይህን ሁሉ ስናገር ድምፄ አይለወጥም፣ እንባም አይወጣኝም። ምስክሮቹ ይህን አይተው ጨካኝ ናት እንዳይሉ ነው የምናገረው። እጅ ብዙ ሰዓት ከጭንቅላት ሥር ሲውል እንደሚደነዝዝ፣ በውስጤ ያለው ነገር ከ1916 ጀምሮ ደንዝዟል። ይመለሳል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልመለስ ሲል መጠበቁን ተውሁ።

ያልተከፈለ ዕዳ የለብኝም፤ የእኔ ዕዳ ያለበትም ሰው የለም።

ስለ ቤቱና ስለ ኮክ ተክሉ። ቤቱ፣ ከጀርባው ያለው መሬትና በላዩ ላይ የቆሙት በኖራ የተለሰኑ ግንቦች የአባቴ ነበሩ። አባቴ ኮኩን በግንቡ ላይ አስደግፎ ያሳድግ ነበር፤ ግንቡ የቀኑን ሙቀት ይዞ ለፍሬው ይመልስለታልና። ሕጉ ለሁለቱም ልጆቼ የሚጠብቅላቸው ድርሻ እንዳለ ሙሴ ቴሶ አስረድተውኛል። እንደ ወደድሁ እንዳደርገው የተፈቀደልኝን ተጨማሪ ድርሻ በሙሉ ለልጄ ለፊርመን ሰጥቻለሁ፤ ቤቱና ተክሉም በእርሱ ድርሻ ውስጥ እንዲገቡ አዝዣለሁ። ለክሌማንስ የሚደርሳት በቬንሰን ያለው መሬት፣ የብር ዕቃው፣ አንሶላውና የጠረጴዛ ልብሱ ነው።

ምክንያቱን እናገራለሁ። ባለፈው ፋሲካ ምሳ እየበላን ሳለ ክሌማንስ ቤቱ ቢሸጥ እንደሚሻል አነሳች። ባሏ ኤድሞን የመድኃኒት ቤት ባለቤት ነው፤ ከንግግሯ ግማሹ የእርሱ እንደ ነበረ ዐውቃለሁ።

«ለፊርመን ደግሞ ጥሩ ቦታ አግኝተናል እማዬ» አለችኝ። «የጦር ጉዳተኞች ማረፊያ ነው። ሰፊ አትክልት አለው። እንደሱ ያሉ ሰዎችም አሉበት።»

«እንደሱ ያሉ ማለት ምን ማለት ነው?» አልኋት።

«አንቺ ደግሞ! ምን ማለቴ እንደሆነ እኮ ታውቂያለሽ።»

ፊርመን ከፊት ለፊቷ ተቀምጦ የበግ ሥጋውን አድቅቆ እየቆረጠ ነበር። «ካርታ መጫወት የሚችሉ ማለቷ ነው» አለ። ኤድሞን ብቻ ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ መሳቁን ተወው። ክሌማንስ ይህን ሁሉ ስትናገር ወንድሟን አላየችውም። ስታናግረው ሁልጊዜ የምታየው ትከሻውን ነው።

እንግዲህ ፊርመን ከዚህ ቤት የሚወጣው ራሱ መውጣት የፈለገ ቀን ነው።

ባለመስታወቱን ጠረጴዛ ለጎረቤቴ ለዜሊ ሞርቫን ሰጥቻለሁ። ዜሊ ባሏ በጦርነቱ የሞተባት ልብስ አጣቢ ናት፤ ያጠበችውን አንሶላ በእኛ ግንቦች መካከል ታሰጣለች። ጠረጴዛው መካከሉ ተቦርቡሮ መስታወት የገባበት፣ ከሥሩ መብራት የሚቀመጥበት ነው። ለልብስ መተኮሻ አይመችም፤ ዜሊም ይህን ታውቃለች። የምፈልገው በቤቷ እንዲቆም ነው። ምን እንደ ሠራንበት ልናገር።

ባሌ አንሴልም ለጋዜጦች የቀልድ ሥዕል የሚስል ሰው ነበረ። በ1909 ከዚህ ብዙም የማይርቅ አንድ የፊልም ሥራ ቤት ጠራውና፣ ሰው የማይተውንበት፣ ሥዕል ራሱ የሚራመድበት ፊልም ይሠራለት እንደ ሆነ ጠየቀው። አንሴልም እሺ ብሎ ተመለሰ። እንዴት እንደሚሠራ ግን አያውቅም ነበር። መስታወቱን በጠረጴዛው መካከል ያስገባውና ከሥሩ መብራት ያኖረው ያን ጊዜ ነው። በመስታወቱ ላይ የተሳለ ወረቀት ያኖራል፤ በዚያ ላይ ሌላ ንጹሕ ወረቀት ይደርባል፤ ከሥር የሚታየውን ሥዕል በጥቂቱ ብቻ ለውጦ እንደ ገና ይስለዋል። እኔ በየወረቀቱ ጫፍ የተጻፈውን ቁጥር እያመሳከርሁ ወረቀቶቹን በየተራቸው እደረድር ነበር። ፊልም ሥራ ቤቱ ጥቁሩን ወደ ነጭ ስለሚገለብጠው፣ በመጨረሻ የሚታየው በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የተሳለ ይመስላል።

ሰውየውን ሙሴ ቡሽ አልነው፤ እንደ ጠርሙስ ቡሽ አጭርና ድፍን ነበረና። ሙሴ ቡሽ ከቤቱ ሲወጣ ዝናብ ይይዘዋል። ጃንጥላውን ሲዘረጋ ጃንጥላው ዶሮ ይሆናል። ዶሮዋ እንቁላል ትጥላለች፣ እንቁላሉ ጨረቃ ይሆናል፣ ጨረቃዋ መንኰራኩር ሆና ሙሴ ቡሽን ትደፈጥጠዋለች። ተደፍጥጦ ፖስታ ይሆናል፤ ፖስታ አመላላሹ ይዞት ሄዶ ለአንዲት ወይዘሮ ይሰጣታል። እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

ልጆቹ ከትምህርት ቤት እንደ ተመለሱ በጠረጴዛው ግራና ቀኝ ይቆማሉ። ፊርመን አሥራ ሁለት፣ ክሌማንስ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

«ከዚያስ አባዬ? ከዚያስ ምን ይሆናል?»

«እናንተ ንገሩኝ እንጂ። እኔ ደክሞኛል» ይላቸዋል።

ጃንጥላው ዶሮ ይሁን ያለችው ክሌማንስ ናት። ይህ እንዲታወቅ እፈልጋለሁ። የጭንቅላቱን መነቀል ያመጣው ደግሞ ፊርመን ነው። «ፖሊሱ አፍንጫውን ይዞ ይጎትተው! ፊቱ እንደ ሊጥ ይለጠጥ፣ ከዚያ ጭንቅላቱ ይነቀል!» አለ። አንሴልም ሳቀና ሳለው። የተነቀለው ራስ ኳስ ይሆናል፣ ኳሱ ሐብሐብ ይሆናል፤ ወይዘሮዋ ከሐብሐብ ሻጩ ነጥቃ በመርፌ ትሰፋዋለች፣ ግን ገልብጣ ነው የምትሰፋው። ሙሴ ቡሽ ባርኔጣውን በአገጩ ላይ ደፍቶ እጅ ነሥቶ ይሄዳል።

ፊልሙ በታየ ዕለት አራታችንም ሄድን። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ከኋላችን የነበረ ሥጋ ሻጭ እየሳቀ ጉልበቱን በጀርባዬ ላይ ይመታ ነበር። የአንሴልም ስም በፊልሙ ላይ አልተጻፈም፤ የሥራ ቤቱ ምልክት ብቻ ነበር። አንሴልም ግድ አልሰጠውም፤ ወይም እንዳልሰጠው ሆነ። አንድ ቅጂ በቆርቆሮ ሣጥን አድርገው ሰጡት። የቀሩት ቅጂዎች ከጊዜ በኋላ ቀልጠው ማበጠሪያና የጫማ ቀለም ሆኑ ሲባል ሰምቻለሁ።

ስለ ጭምብሉ። ከላይኛው ክፍል ቁም ሣጥን፣ በግራጫ ሱፍ ጨርቅ ተጠቅልሎ የሚገኘውን የመዳብ ጭምብል ለልጄ ለክሌማንስ ሰጥቻለሁ። ሙሴ ቴሶ ቀና ብለው አዩኝ። ይጻፍ አልኋቸው።

ፊርመን በ1916 ቆሰለ። የታችኛው መንጋጋው፣ የአፍንጫው ግማሽና ግራ ጉንጩ ሄዱ። የተኛበት የፓሪስ ሆስፒታል በእንዲህ ያሉ ቁስለኞች ክፍል ውስጥ መስታወት አልነበረውም፤ የመስኮቶቹም መስታወት በኖራ ተቀብቶ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ስገባ አንዲት ነርስ ክንዴን ይዛ «ማዳም፣ ሲያዩት ፊትዎን አይለውጡ» አለችኝ። አልለወጥሁም። ያኔ ያልተለወጠው ፊቴ እስካሁን እንዳለ ነው።

ፊርመን መናገር ስለማይችል በትንሽ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጽፍ ነበር። «አባዬ ለምን አልመጣም?» ብሎ ጻፈ። አንሴልም እስከ ሆስፒታሉ በር ከእኔ ጋር መጥቶ እዚያው ላይ ቀርቶ ነበር። ጉንፋን ይዞታል አልሁት። በሌላ ጊዜ ስሄድ ሰሌዳውን ጽፎበት ጠበቀኝ፤ «ይህ ጉንፋን ጠንክሯል» ይላል።

ብዙ ጊዜ ከቀደዱትና ከሰፉት በኋላ ወደ ቤት ሰደዱት። አፉ ስለማይገጥም ሾርባው ባልተጠገነው በኩል ይወርዳል። አንሴልም በመጀመሪያው ራት ላይ ተነሥቶ ወጣ። ከልብስ ማጠቢያው ቤት ግንብ ላይ ተደግፎ አገኘሁት።

«እኔ ነኝ የሳልኩት» አለኝ። «ቀድሜ የሳልኩት እኔ ነኝ፣ ኦኖሪን።»

«የመታው የጀርመን መድፍ ነው። አንተ ወረቀት ላይ ነው የሳልከው።»

«ሥዕሎቹን አውጥተሽ እያቸው፤ ከዚያ ንገሪኝ።»

«ሥዕል አላይም። ልጅህ ሾርባ እየጠጣ ነው፤ ግባና ተቀመጥ።»

አልገባም። በማግሥቱ ብዕሮቹን አጥቦ፣ በጨርቅ አድርቆ በሣጥን ቆለፈባቸው፤ ከዚያ በኋላ ለጋዜጣ አልሳለም። ሰዎች ሐዘን ነው አሉ፤ ምናልባት ነበር። እኔ ግን አንድ አባት የልጁን ፊት ላለማየት ይህን ያህል ትልቅ ምክንያት ማግኘቱን ይቅር ማለት አልቻልሁም። በሕይወት ሳለ አልነገርሁትም። ተቆጥቼም አልነበረም፤ የምቆጣበት ነገር በውስጤ አልቀረም ነበር።

ወደ ቤት በተመለሰበት ዓመት መጨረሻ ለእንዲህ ያሉ ወታደሮች ጭምብል የሚሠራ ቀራፂ እንዳለ ሰማን። መዳቡ እንደ ወረቀት የሳሳ ነው፤ በመነጽር ከጆሮ ላይ ይያዛል። ቀራፂው መዳቡን ሠርቶ ሲጨርስ ቀለሙን አንሴልም ልቀባው አለ። ፊርመን ወደ ጦር ሜዳ በሄደበት ቀን የተነሣውን ፎቶግራፍ ከፊቱ አድርጎ፣ በዚህ ባለመስታወቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ቀባው። የጉንጩን ቅላት፣ ገና መብቀል የጀመረውን ጢም፣ ከአገጩ ላይ የነበረችውን የልጅነት ጠባሳ እንኳ አልተወም። ከዚያ ፊርመን አጠለቀው። በትንሽ መስታወት ራሱን አየና፣ ከስፌቱ በኋላ በተመለሰለት በሚያፏጭ ድምፁ «ቆንጆ አድርገኸኛል አባዬ» አለው። ተረድተነዋል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንሴልም ከልጁ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ቻለ። ያናግረው የነበረው ጭምብሉን ነው። ፊርመን ይህን ያውቅ ስለ ነበር ቤት ውስጥም አያወልቀውም ነበር፤ የሚያወልቀው ሊበላ ሲል፣ ያውም በወጥ ቤት ለብቻው ነው። አባቱ እስከ ሞተበት እስከ 1921 ድረስ እንዲህ ኖረ።

በዚህ መካከል ክሌማንስ አገባች። ከሠርጉ በፊት ወንድሟን ለብቻው ወደ አትክልቱ ወስዳ፣ ጭምብሉን እንዲያደርግ ለመነችው። እኔ ኮክ እየለቀምሁ ስለ ነበር ሰምቻለሁ።

«ለእኔ ብለህ ነው፣ ፊርመን። አንድ ቀን ብቻ።»

«መች አውልቄው ዐውቃለሁ?» አላት።

በግብዣው ላይ እንደ ልማዱ ለብቻው የሚበላበት ወጥ ቤት ስላልነበረው ምንም ሳይቀምስ ዋለ። ዓሣው መጣ፣ ዳክዬው መጣ፣ ኬኩ መጣ፤ እርሱ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። የኤድሞን እናት ከጠረጴዛው ወዲያ ሆና «ልጁ ምግባችን አልጣመውም እንዴ?» አለች። ክሌማንስ ሰምታለች፤ ኬኳን መቁረጧን ቀጠለች። ማታ ቤት ስንገባ ፊርመን ኮቱን ሳያወልቅ ዳቦ በሾርባ እያራሰ ቆሞ በላ። ድስቱን የያዝሁለት እኔ ነበርሁ።

ጭምብሉን ለክሌማንስ የምሰጠው ለመበቀል እንዳይመስላት። ክሌማንስ ያንን ፊት ትወደው ነበር። በልጅነቷ በትከሻው ተሸክሞ በግንቦቹ መካከል የሚያሯሯጣት ወንድሟ ያ ፊት ነበረው። የወደደችው ሰው የት እንደ ገባ የነገራት የለም። ስለዚህ ትውሰደው። ሌላ ሰው ዘንድ ቢሆን የመዳብ ቁራጭ ነው።

ፊርመን ጭምብሉን እንዴት እንደ ተወ ደግሞ ይጻፍ። ሙሴ ቴሶ ይህ ለኑዛዜ አያስፈልግም አሉ። ፊልሙን በምን ሁኔታ እንደምሰጥ የሚታወቀው ይህ ሲታወቅ ነው አልኋቸውና ቀጠሉ።

ፊርመን በሰፈራችን ሲኒማ ቤት ፊልም አጫዋች ሆኖ ተቀጥሯል። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ሰው አይገባባትም፤ እርሱ የሚያየው ሕዝቡን ነው እንጂ ሕዝቡ እርሱን አያየውም። በመንገድ ሲያልፍ ግን የሰፈሩ ልጆች በጭምብሉ የተነሣ «ቆርቆሮ» ይሉት ነበር። «ቆርቆሮ መጣ! ቆርቆሮ፣ ዝናብ ሲመጣ አትጮህም?» ይላሉ።

በ1923 በጋ አንድ እሑድ ከሲኒማ ቤቱ አሮጌ፣ በእጅ የሚዞር የፊልም መኪና በጋሪ ገፍቶ አመጣ። ምን ልታደርግ ነው አልሁት፤ ጋሪውን መግፋቱን ቀጠለ። ዜሊን ከነጩ ግንብ ፊት የተሰጣውን አንሶላ እንድታነሣለት ጠየቃት። የአባቱን የቆርቆሮ ሣጥን ከላይ አወረደ። ፀሐይ ስትጠልቅ ልጆቹ ወሬውን ሰምተው በሣሩ ላይ ሞልተው ተቀምጠዋል፤ «ቆርቆሮ» ይሉት የነበሩትም ከፊት ናቸው።

ሙሴ ቡሽ በአባቴ ግንብ ላይ ወጣ። ጃንጥላው ዶሮ ሲሆን ጮኹ። ራሱ ሲነቀል በሣሩ ላይ ተንከባለሉ። ሲያልቅ «ድገመው! ድገመው!» አሉ፤ ደገመው። በሁለተኛው መጨረሻ ላይ የዜሊ ልጅ ኒኔት ተነሥታ ወደ ጋሪው ሄደች። ያኔ ገና ፊደል የምትቆጥር ሕፃን ነበረች። እጇን ከኋላዋ አጣምራ ሽቅብ አየችው።

«ጋሼ» አለችው፣ «ያንተስ ፊት ቀጥሎ ምን ይሆናል?»

ዜሊ ከተቀመጠችበት ዘላ ተነሣች። «አንቺ ልጅ! ያዢ አፍሽን! ሙሴ ፊርመን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሕፃን ናት…»

ከዚያ ከጭምብሉ ኋላ አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ባዶ ጣሳ ውስጥ የሚጮህ ይመስላል። ከተመለሰ ጀምሮ ሰምቼው ስለማላውቅ መሳቁን ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። መነጽሩን ከጆሮዎቹ አላቅቆ ጭምብሉን በጋሪው ላይ አኖረው፤ ጎንበስም አለላት።

«እስቲ አንቺ ንገሪኝ። ምን ይሁን?»

ኒኔት አየችው። ጠጋ ብላም አየችው። «መጀመሪያ ድንች» አለች። «ከዚያ… ከዚያ ጥንቸል።»

«አይሆንም፣ ጫማ ይሁን!» አለ ከኋላ አንዱ።

«ጫማ አፍንጫ አለው እንዴ፣ ደደብ? ጥንቸል ነው!»

ፊርመን የተሰፋውን ከንፈሩን ሁለት ሦስቴ አርገበገበ። እውነትም ጥንቸል ሆነ። ልጆቹ አበዱ። ዜሊ አፏን በሽርጧ ይዛ ትስቃለች፣ ታለቅሳለችም። እኔ ጭምብሉን ከጋሪው አንሥቼ ወደ ቤት ወሰድሁት፣ በጨርቅም ጠቀለልሁት። ከዚያ ወዲህ አልጠየቀኝም። በሰፈሩ ስሙ ከ«ቆርቆሮ» ወደ «ጥንቸል» ተለወጠ፤ በዚህ ስም ሲጠሩት አቤት ይላል። በዚያ ምሽት ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ድስቱን ጥጄ ሾርባ አሞቅሁ።

እንግዲህ ስለ ፊልሙ። «የሙሴ ቡሽ ውሎ» የተባለውን ፊልም ከነሣጥኑ ለፊርመን ሰጥቻለሁ። ባለፈው ሴፕቴምበር ከፓሪስ፣ የጥንት ፊልሞችን ከሚሰበስብ ማኅበር፣ ሙሴ ኦርቫል የሚባሉ ሰው መጥተው ነበር። ሣጥኑን ከፍተው አሸተቱ። ፊልሙ መጣበቅ ጀምሯል፣ ጥቂት ዓመት ከቆየ ዱቄት ይሆናል፣ እኛ በአዲስ ፊልም ላይ እንገልብጠውና በአዳራሻችን እናሳየዋለን አሉ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ያሉትም እውነት ነው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉ፦

«አንዲት ነገር ብቻ አለች ማዳም። ያቺ ጭንቅላቱ የሚነቀልባት ነገር… ከጦርነቱ በኋላ ሰው ይከፋዋል። በአዳራሹ ውስጥ የተጎዱ ሰዎች ሊኖሩ ይችላሉ። እሷን ቆርጠን ብናወጣት ይሻላል።»

ፊርመን የወይን ጠጅ ይዞ ከበሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ለምሳሌ ማን?» አላቸው።

ሰውየው ዞረው አዩት፤ እስከ ጆሯቸው ቀሉ። ፊርመን ብርጭቆውን ቀዳላቸውና በእጃቸው አስያዛቸው።

«ይጠጡ እንጂ፣ አልተቀየምኩም። ያቺን ነገር ያመጣኋት እኔ ነኝ፤ በአሥራ ሁለት ዓመቴ። እሷን ቆርጠው ካሳዩት፣ የቀረው የአባቴና የእህቴ ነው፤ የእኔ ምንም የለበትም።»

ስለዚህ እንዲህ አዝዣለሁ። ፊርመን ከፈለገ ይገለበጥ፣ ካልፈለገ በግንቡ ላይ እያሳየ ይጨርሰው። ቢገለበጥ ግን ከሥዕሎቹ አንዲት እንኳ እንዳትቆረጥ። በመጀመሪያው ላይ «ሥዕል፦ አንሴልም ቦድሪ»፣ ከሥሩም «ሐሳብ፦ ፊርመንና ክሌማንስ ቦድሪ» ተብሎ ይጻፍ። አንሴልም ልጁን ለማየት አለመቻሉ አንድ ነገር ነው፤ ሥዕሉን መሥራቱ ሌላ ነገር ነው። ስሙ ይጻፍለት።

ምክር የምሰጠው ጥቂት ነው። ፊርመን፣ ዜሊ አሥር ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ በገበታችን እየተቀመጠች ነው። ፊትህን አይታዋለች። የምትጠብቀው አፍህን እንድትከፍት ነው። ክሌማንስ፣ ኤድሞን ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ስትናገሪ የራስሽን ግማሽ ብቻ ተናገሪ። የቀብሬ ነገር በአንሴልም አጠገብ ይሁን። አበባ አያስፈልግም፤ ወቅቱም አይደለም።

ኑዛዜዬ እዚህ ላይ ሊያበቃ ነበር። ሙሴ ቴሶ በምስክሮቹ ፊት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበቡልኝ፤ ያልሁት ነው አልሁ። ከመፈረሜ በፊት ግን በሩ ተከፍቶ ልጆቼ እንዲገቡ አደረግሁ፤ ለእነርሱም እንደ ገና እንዲነበብ ጠየቅሁ። ሙሴ ቴሶ ልማድ እንዳልሆነ ነገሩኝ። ሆኖም አነበቡ።

ፊርመን በመስኮቱ በኩል ቆመ። ክሌማንስ ከአልጋዬ እግርጌ ተቀመጠች። የቤቱ ሲነበብ ከንፈሯን ነከሰች። የጭምብሉ ሲነበብ አልተንቀሳቀሰችም። ስሟ ከወንድሟ ስም አጠገብ በፊልሙ ላይ እንዲጻፍ ያዘዝሁት ሲነበብ እጇን አነሣች፤ ሙሴ ቴሶም አቆሙ።

«ጃንጥላውን ያልኩት እኔ መሆኔን ታስታውሻለሽ?» አለችኝ።

«አስታውሳለሁ።»

«እኔ እኮ ረስቼው ነበር፣ እማዬ።» ቀጥሎም «ጭምብሉን አሁን ልውሰደው?» አለች።

«ያንቺ ነው፤ አምጪው» አልኋት።

ወጥታ ይዛው ተመለሰች። ጨርቁን ፈታችው። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ፊት በጭኗ ላይ ሆነ። ብዙ አየችው። ጠባሳዋን በጣቷ ነካች። ከዚያ ቀና አለችና በመስኮቱ በኩል ያለውን ወንድሟን አየች፤ ትከሻውን አልነበረም። ኤድሞን በክፍሉ የለም።

«ሸብተሃል እኮ፣ ፊርመን» አለችው።

«አንቺም ወፍረሻል» አላት።

ክሌማንስ ሳቀች፣ ወዲያው ሳቋ ተበላሸ። ፊርመን መሐረቡን ሰጣት፤ እርሷም ተቀበለችው፤ ዓይኗን ግን ከፊቱ አላነሣችም። ሙሴ ቴሶ ብዕራቸውን አኑረው፣ «ደስ አለዎት፣ ማዳም ቦድሪ?» ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልሁ። ግን አይቻለሁ፣ አራቱ ምስክሮችም አይተዋል። ያየነው ይጻፍ አልሁ፤ ተጻፈ።

ከላይ የሰፈረው ሁሉ ተናዛዧ በአፏ የተናገረችው፣ በእኔ እጅ የተጻፈ፣ ለእርሷና ለምስክሮቹ በሙሉ የተነበበ መሆኑን አረጋግጣለሁ። ተናዛዧ ያለ ማንም እገዛ በራሷ እጅ ፈርማለች።

ተናዛዥ፦ ኦኖሪን ቦድሪ (ፊርማ)

ምስክሮች፦
ጎንትራን ፔልቲየ፣ ዳቦ ጋጋሪ (ፊርማ)
ሲዶኒ ባርባ፣ አዋላጅ (ፊርማ)
አሺል ኮርኒሎ፣ ኮክ አብቃይ (ፊርማ)
ቴኦፊል ዛሜ፣ በጡረታ ያለ የባቡር ሠራተኛ (ፊርማ)

ውል አዋዋይ፦ ሉዶቪክ ቴሶ (ፊርማና ማኅተም)